ካሜራውም ለመንገዱ ሐቅ አለበት



የዛሬው ርዕሳችን ብዙዎቻችን በቤታችን በር ላይ ስለሰቀልነው ወይም ለመስቀል ስለምናስበው ካሜራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ያለው ዕቃ የባንክ፣ የኤምባሲና የትልልቅ ሆቴሎች ንብረት ነበር። አሁን ግን በአዲስ አበባ ውስጥ ለውስጥ መንደሮች ስንሄድ ከቆርቆሮው አጥር በላይ፣ ከሱቁ መስኮት ጥግ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ኮሪደር ጣሪያ ስር ያችን ጥቁር ዓይን ማየት የተለመደ ሆኗል።

ካሜራ ሊገዛ የተነሳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ «የትኛው ይሻላል? ስንት ብር ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ከዚህ በታች ጥቂት እልበታለሁ። ነገር ግን ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ። እሱም «ካሜራው የሚያየው የማንን ነው?» የሚለው ነው። ፈትዋ መስጠት የዑለማ ድርሻ ነው። እኔ እንደ ጋዜጠኛ የማነሳው ሁላችንም ልንመካከርበት የሚገባውን የጉርብትና ጉዳይ ነው።

ግመልን ማሰር

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ንብረትንና ቤተሰብን መጠበቅ ከተወኩል ጋር አይጣላም። ግመሉን አስሮ በአላህ ይመካ ወይስ ፈትቶ ይመካ ብሎ ለጠየቀው ሰው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስሮ እንዲመካ እንደነገሩት ቲርሚዚ ዘግበዋል። ካሜራ የሚሰቅል ሰው እንግዲህ ግመሉን እያሰረ ነው፤ ፈሪ ወይም ተጠራጣሪ ሊባል አይገባውም።

የዚህ ዕቃ አጀማመርም ይህንኑ ያሳያል። በኒውዮርክ ከተማ በኩዊንስ ትኖር የነበረች ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ነርስ ነበረች። የእሷና የባሏ የሥራ ሰዓት የተዛነቀ ስለነበር ብዙ ጊዜ ማታ ቤት ውስጥ ብቻዋን ትሆናለች። ፖሊስ ሲጠራ ደግሞ ይዘገያል። ስለዚህ ከኤሌክትሮኒክስ ባለሙያው ባሏ ከአልበርት ብራውን ጋር ሆና አንድ ዘዴ ፈጠረች። በሩ ላይ በተለያየ ከፍታ አራት ቀዳዳዎች ተበሱ። ካሜራው ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ እየተንቀሳቀሰ ከደጅ የቆመውን ሰው በመኝታ ቤት ባለ ቴሌቪዥን ያሳያታል። በድምጽ ታነጋግረዋለች፤ ካመነችው ባለችበት ሆና በሩን ትከፍትለታለች፤ ከሰጋች የድረሱልኝ ቁልፉን ትጫናለች። እ.ኤ.አ. በ1966 ያመለከቱበት የፈጠራ ባለቤትነት መብት በዲሴምበር 2 ቀን 1969 ተሰጣቸው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልብ እንበል። የማሪ ካሜራ ይመለከት የነበረው በሯን አንኳኩቶ የቆመውን ሰው ነው። የጎረቤቷን በር አልነበረም።

ምስክር እንጂ ዘበኛ አይደለም

ብዙ ሰው ካሜራውን ከሰቀለ በኋላ የበሩን ቁልፍ መቆለፍ ይሰንፋል። ይህ ስህተት ነው። ካሜራ ሌባ አይዝም፤ የሆነውን ይመሰክራል እንጂ። ስለዚህ ጠንካራ ቁልፍ፣ የበራ አምፖልና የሚተዋወቅ ጎረቤት ይቀድማሉ። ምስክርም ቢሆን የሚጠቅመው በትክክል ሲያይ፣ የሚያስታውስ ሲሆንና ሰዓቱን ሳያዛባ ሲናገር ነው። ለዚህ የሚረዱ አምስት ነጥቦችን እንይ።

አንደኛ፣ ከፍታው። ካሜራ እንዳይነካ ተብሎ ከአራትና ከአምስት ሜትር በላይ ሲሰቀል የሚቀርጸው የሰውን አናትና ኮፍያ ነው። ከሁለት ሜትር ተኩል እስከ ሦስት ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ሆኖ ወደ መድረኩ ዘንበል ሲል ፊት ይይዛል፤ እጅም በቀላሉ አይደርስበትም።

ሁለተኛ፣ ብርሃኑ። ሌንሱ ወደ ፀሐይ ከዞረ ሰውየው ጥቁር ጥላ ሆኖ ይወጣል። ለሌሊት የሚያገለግሉት የኢንፍራሬድ አምፖሎች በአብዛኛው የ850 ወይም የ940 ናኖሜትር ናቸው። የመጀመሪያው ደብዘዝ ያለ ቀይ ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ ሁለተኛው ለዓይን አይታይም። በሌንሱ ፊት ያደራ የሸረሪት ድር ይህን ብርሃን እየመለሰ ምስሉን ነጭ ጉም ያደርገዋልና አልፎ አልፎ በጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። ከደጅ ለሚሰቀል ካሜራ ዝናብና አቧራ የማያስገባ መሆኑን የሚያመለክተውን የአይፒ 66 ምልክት ማየትም አይረሳ።

ሦስተኛ፣ ማህደረ ትውስታው። አንድ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢቀርጽ በቀን ወደ 21.6 ጊጋባይት ይሞላል። ስለዚህ ባለ 128 ጊጋባይት ካርድ ያለማቋረጥ ሲቀረጽበት የሚይዘው ወደ ስድስት ቀን ያህል ነው፤ ከዚያ አሮጌውን እያጠፋ በላዩ ይጽፋል። የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ብቻ እንዲቀርጽ ከተደረገ ረዘም ያለ ጊዜ ይቆያል።

አራተኛ፣ መብራቱ። መብራት ሲጠፋ ካሜራውም ዋይፋዩም አብረው ይተኛሉ። ሌባ ደግሞ ጨለማን ይወዳል። ለካሜራውና ለራውተሩ ብቻ የሚሆን አነስተኛ መጠባበቂያ ባትሪ ከትልቅ ካሜራ ይልቅ ይጠቅማል።

አምስተኛ፣ ሰዓቱ። ይህ በእኛ አገር ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ካሜራው የሚጽፈው በፈረንጅ ሰዓትና በፈረንጅ ቀን ነው። ምስሉ ላይ «02:15» የሚል ጽሑፍ ሲታይ አንዱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ15 ነው ሊል ይችላል፤ ትክክለኛው ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ15 ነው። በስድስት ሰዓት ልዩነት ምክንያት በዚያች ሰዓት ሌላ ቦታ የነበረ ንጹህ ሰው ሊጠረጠር ይችላል። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር የካሜራው ሰዓት አለመዛባቱን ማየት ይገባል። ለፖሊስ የሚሰጥ ሰውም የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብሮ ይናገር።

የመንገድ ሐቅ

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን እንምጣ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሃቦችን በመንገድ ዳር ከመቀመጥ እንዲቆጠቡ መክረዋቸው ነበር። እነሱም የሚነጋገሩበት ሌላ ቦታ እንደሌላቸው ሲነግሯቸው፣ እንግዲያው ለመንገዱ ሐቁን ስጡት አሏቸው። ሐቁ ምን እንደሆነ ሲጠየቁም ዓይንን መስበር፣ ሰውን አለማስቸገር፣ ሰላምታን መመለስ፣ በመልካም ማዘዝና ከመጥፎ መከልከል መሆኑን ዘረዘሩ። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ ዘግበውታል።

እስቲ ይህን ለካሜራችን እናምጣው። ካሜራ ማለት ቀንም ሌትም ከመንገድ ዳር የማይነሳ፣ የማያንቀላፋ፣ ያየውን የማይረሳ ተቀማጭ ነው። ሰላምታ አይመልስም። አላፊው ሰው ማን እያየው እንደሆነም አያውቅም። ታዲያ ለአንድ ሰዓት ቁጭ የሚል ሰው ለመንገዱ ሐቅ ካለበት፣ ዓመቱን ሙሉ ለሚቀመጠው ካሜራ ባለቤትማ ምን ያህል ይበልጥበት? ሐቁም የሚጀምረው ከመጀመሪያው ነው፤ ዓይንን ከመስበር።

በቤታችን የደረሰውን ላጫውታችሁ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሲሆን የእኛና የአንድ ጎረቤታችን በሮች ፊት ለፊት ናቸው። ከኮሪደሩ ጫማና የውሃ ጄሪካን እየተሰረቀ ስላስቸገረ ጎረቤታችን ካሜራ አሰቀሉ። እኛም ደስ አለን። ሳምንት ሳይሞላ ግን እናቴ በር ገርበብ አድርጋ ቡና መቁላቷን ተወች። በፊት መጋረጃውን ብቻ ጥላ፣ ጭሱ እንዲወጣ በሩን ትከፍተው ነበር። «ምነው እማዬ?» ብዬ ብጠይቃት «ልጄ፣ በገዛ ቤቴ ሳሎን ተሸፋፍኜ ልቀመጥ?» አለችኝ።

ከመግሪብ በኋላ ሁለታችንም ሄድን። ሰውየው ሙስሊም አይደሉም፤ ነገር ግን ዒድ በመጣ ቁጥር ቀድመው ደጃችንን የሚያንኳኩ ጥሩ ጎረቤት ናቸው። «ጋሼ፣ እስቲ ስልክዎ ላይ ምን እንደሚታይ ያሳዩን» አልኳቸው። ከፈቱት። በራችን፣ ምንጣፋችን፣ በሩ ሲከፈት ደግሞ ሶፋችን ድረስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰውየው ደነገጡ። «እኔ እኮ ለጫማና ለጄሪካን ብዬ ነው እንጂ የእርስዎን ቤት ላይማ ምን በወጣኝ!» አሏት እናቴን። በማግስቱ ካሜራው ከራሳቸው በር በላይ ሆኖ ወደ ራሳቸው ምንጣፍ ቁልቁል እንዲያይ ተደረገ። በምስሉ ጥግ የቀረችው የበራችን ጫፍም በካሜራው ማስተካከያ በጥቁር ተሸፈነች። እናቴም «እንግዲያው የእኛንም ጄሪካን ወደ እርስዎ ምንጣፍ እናስጠጋዋለን፤ አብሮ ይጠበቅ» አለች። አሁን እንደዚያው ነው።

እንግዲህ ይህ ችግር አዲስ እንዳይመስለን። በሰህል ኢብን ሰዕድ እንደተዘገበው አንድ ሰው በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ክፍል ቀዳዳ አሾልኮ ሲያይ በጽኑ ተቆጥተውታል፤ ፈቃድ መጠየቅ የተደነገገውም በዓይን ምክንያት መሆኑን አስገንዝበዋል። በሱረቱ-ኑር 27ኛውና 28ኛው አንቀጾች ሰው ቤት ሳናስፈቅድ እንዳንገባ፣ ተመለሱ ከተባልንም እንድንመለስ ታዘናል። እግር ሳይገባ ዓይን ከገባ የፈቃዱ ትርጉም ምኑ ላይ ነው?

በኦቶማን መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 የተዘጋጀው መጀሌ የተሰኘው የሕግ ስብስብም 1202ኛ አንቀጹ ላይ ጉዳዩን በቀጥታ ያነሳዋል። የጎረቤትን ማዕድ ቤት፣ የውሃ ጉድጓድና ግቢ፣ በጠቅላላው ሴቶች የሚውሉበትን ቦታ የሚያሳይ መስኮት ከባድ ጉዳት ተደርጎ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ባለቤቱ መስኮቱን ጨርሶ እንዲደፍን አይገደድም፤ እይታውን የሚከልል ግድግዳ ወይም የእንጨት መጋረጃ እንዲሠራ ይደረጋል እንጂ። ዛሬ በአብዛኞቹ ካሜራዎች ውስጥ ያለው የምስልን ክፍል በጥቁር የመሸፈኛ ዘዴ የዚያ የእንጨት መጋረጃ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ ገንዘብ አይጠይቅም።

የዘመኑ ፍርድ ቤቶችም ከዚህ አልራቁም። በቼክ ሪፐብሊክ መስኮቱ በተደጋጋሚ የተሰበረበት አንድ ሰው ካሜራ ሰቀለ። ካሜራው የእሱን መግቢያ ብቻ ሳይሆን የሕዝቡን መተላለፊያና የፊት ለፊቱን ቤት መግቢያም ይቀርጽ ነበር። ጉዳዩ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 2014 ውሳኔ ተሰጠበት። ፍርድ ቤቱ ካሜራ የሕዝብን መንገድ ከያዘ የቤት ውስጥ የግል ጉዳይ ብቻ ነው ሊባል አይችልም አለ፤ በዚያው ልክ ባለቤቱ ንብረቱንና ቤተሰቡን የመጠበቅ ጥቅሙ ከግምት እንዲገባ አሳሰበ። በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 የጎረቤት የበር ደወል ካሜራ ክርክር ሲታይ፣ ዳኛዋ ከምስሉ ይልቅ ድምጹን አብልጠው አሳሳቢ ሆኖ አግኝተውታል። ካሜራው ከሚያየው ርቆ ይሰማ ነበርና። ከደጃችን ቆመው የሚያወሩ ሁለት ጎረቤቶች ወሬያቸው በካርዳችን ላይ ተቀርጾ እንዲያድር አልፈቀዱልንም። ስለዚህ ድምጽ መቅረጫውን ማጥፋት ከሐቁ ሌላው ክፍል ነው።

ቀረጻው በማን እጅ ነው?

የሰው ሐቅ ከጎረቤት በር ላይ አያበቃም። የራሳችን ሚስት፣ እናትና እህት የሚገቡና የሚወጡበት ምስል የት እንደሚቀመጥም ማወቅ አለብን። የአማዞን ንብረት የሆነው ሪንግ የተሰኘ የካሜራ ኩባንያ በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ተከሶ እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። በክሱ እንደተገለጸው አንድ ሠራተኛ በ2017 ለወራት ያህል በሺህ የሚቆጠሩ የሴት ደንበኞችን ቀረጻዎች ሲመለከት ቆይቷል። በኢንተርኔት ወደ ሩቅ አገር ማከማቻ ከመላክ ይልቅ ቤት ባለ ካርድ ላይ ማስቀመጥን ብመርጥ ምክንያቴ ይህ ነው።

ፓስወርዱም ሌላ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተሰኘ አጥፊ ፕሮግራም ከፋብሪካ ይዘውት የወጡትን ፓስወርድ ያልቀየሩ ካሜራዎችና መሰል ዕቃዎችን እያደነ ተቆጣጠራቸው። ከስልሳ ብዙም የማይበልጡ የታወቁ ፓስወርዶችን መሞከር ብቻ በቂው ነበር። በኦክቶበር 21 ቀን በዚሁ ሠራዊት በተፈጸመ ጥቃት ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ለሰዓታት ተስተጓጎሉ። ካሜራውን የሰቀለው ቴክኒሻን ሥራውን ጨርሶ እንደወጣ ፓስወርዱን ራስዎ ይቀይሩ። ሰውየውን መጠርጠር ሳይሆን አደራውን ከትከሻው ማውረድ ነው።

አንድ ስስ ጉዳይም ላንሳ። ከሪያድ፣ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ሆኖ የእናቱን ደጅ በስልኩ የሚመለከት ልጅ ብዙ ነው፤ ለደህንነቷ ከሆነና ካወቀች መልካም ነው። ነገር ግን ሚስቱ በስንት ሰዓት እንደወጣች፣ ማን ደጇን እንዳንኳኳ እየቆጠረ በርቀት የሚመረምርስ? ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከጉዞ የተመለሰ ሰው ጉድለታቸውን ለመፈለግ ሲል በሌሊት በድንገት ቤተሰቡ ላይ እንዳይደርስ መከልከላቸውን ሙስሊም ከጃቢር ዘግበዋል። በስልክ መምጣትም መምጣት ነው። የአል-ሑጁራት 12ኛ አንቀጽ ከመጥፎ ጥርጣሬና ከመሰለል ሲከለክል ለባል የተለየ በር አልተወም።

ፍርድ በቴሌግራም

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም የሚከፋው ነው። ጫማ ይጠፋል። ከካሜራው የአንድ ወጣት ምስል ይቆረጣል። «ይህን ሌባ የምታውቁ!» ተብሎ በቴሌግራምና በቲክቶክ ይበተናል። ልጁ ግን ደጅ የተሳሳተ እንግዳ፣ ዕቃ አድራሽ ወይም ቆራሌው ሊሆን ይችላል። ነገ ጫማው ከአልጋ ስር ቢገኝ የተበተነውን ምስል ማን ይሰበስበዋል? የዚያ ልጅ እናትስ በሰፈሯ አንገቷን ቀና አድርጋ ትሄድ ይሆን? በዚያው በአል-ሑጁራት ምዕራፍ 6ኛ አንቀጽ ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት ወሬን እንድናጣራ ታዘናል።

የአገራችን ሕግም ዝም አላለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 27ኛ አንቀጽ የሰውን ምስል ያለፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ከሚዘረዝራቸው ልዩ ሁኔታዎች መካከል የፍትሕና የፖሊስ ሥራ አለ። ሕገ መንግሥቱም በ26ኛ አንቀጹ የግል ሕይወት እንዲከበር ደንግጓል፤ የግል መረጃን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። ስለዚህ የምስሉ ትክክለኛ መንገድ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ወደ ሰፈሩ ቴሌግራም አይደለም።

ማጠቃለያ

ውድ አንባቢ፣ ካሜራ ለመስቀል ካሰቡ ይስቀሉ። ከመስቀልዎ በፊት ግን ጎረቤትዎን ያማክሩ፤ ምስሉንም በስልክዎ ያሳዩት። ሌንሱ የእርስዎን መድረክ እንጂ የሰውን ሳሎን አይይ። የማይቀረውን ጥግ ይሸፍኑ። ድምጹን ያጥፉ። ካሜራ መኖሩን የሚናገር ጽሑፍ በሩ ላይ ይለጥፉ፤ ይህ ለአላፊው ሰላምታ እንደመመለስ ይቆጠራል፤ ሌባውንም ቀድሞ ይመልሰዋል። ምንም ያልተፈጠረበት ቀን ምስል በቀናት ውስጥ እንዲጠፋ ያድርጉ።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጎረቤቱ ከክፋቱ ሰላም ያላገኘ ሰው ኢማኑ የተሟላ እንዳልሆነ በመሐላ ጭምር ማስጠንቀቃቸውን አንርሳ። ሌባን ፈርተን የሰቀልነው ዕቃ ጎረቤታችን እኛን የሚፈራበት ምክንያት እንዳይሆን እንጠንቀቅ።

አላህ (ሱ.ወ.) ቤቶቻችንን ይጠብቅልን፣ ዓይኖቻችንንም ይስበርልን። አሚን።